ባለጉዳዩ ራሱ ምስክር

በሽምግልና ወግ ባለጉዳይ ለራሱ ምስክር አይሆንም። ከሳሽም ተከሳሽም የየራሱን ተናግሮ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ጎረቤት፣ ወደ ወሰንተኛ፣ ነገሩ ሲፈጸም በቦታው ወደነበረ ሦስተኛ ሰው ያዞራሉ። ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው ማወቅ የሽማግሌነታቸው ግማሹ ነው። ወደ እምነት ስንመጣ ግን ይህን ሁሉ እንረሳዋለን። አማኙ ራሱ ይቆማል፣ ስለ ራሱ ይናገራል፣ እንባው ይመጣል፤ እኛም «አሜን» ብለን እንፈርድለታለን። ጎረቤቱን የጠየቀ የለም።

በወንጌላውያን አዳራሾች ይህ ልማድ የራሱ ሰዓት አለው። ማይኩ ለምእመናን ይሰጥና ቪዛ የተመታለት፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት፣ ከኩላሊት ሕመም የተፈወሰ፣ ሕንፃ ያስመረቀ በየተራ ይወጣል። አዳራሹ የሚግለው ሕንፃው ላይ ሲደረስ ነው። «ጌታ ጂ ፕላስ ፎር ሰጠኝ» ላለው ሰው የሚቀልጠው እልልታ «ጌታ ከወንድሜ ጋር አስታረቀኝ» ላለው አይቀልጥም። ለነገሩ እንዲህ ያለው ምስክርነት የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። በኦርቶዶክሱ አጥቢያ ማይኩ የካህኑ ነው፤ ነገሩ ግን አለ። ስለቱ የሰመረለት ሰው ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን ይዞ ይመጣል፤ በጉባኤ ፊት ይነገርለታል። ጾም ሲገባ የፌስቡኩ ፎቶ ይቀየራል፤ ነጠላው መስቀለኛ ይጣፋል፤ ማኅተቡ ከሸሚዙ በላይ ይወጣል። ሁለቱ ወገኖች በስንት ነገር ሲወዛገቡ ኖረዋል፤ በዚህ ግን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የእምነትን ምልክት ከአማኙ አንደበት፣ ከአማኙ ልብስና ከአማኙ ንብረት ላይ ይፈልጋሉ። የቀረውን «ውስጡን ለቄስ» ብለው ያልፉታል።

ምስጋናውን አልቃወምም። ከሕመም የዳነ ሰው አፉን ሞልቶ ቢያመሰግን ደግ አደረገ። ስለት የተሳለም ስለቱን ያግባ። የምቃወመው ምስጋናውን ወደ ማስረጃነት መለወጣችንን ነው። መኪናውን ያየ ሰው «ይህ ሰው እግዚአብሔር የሚሰማው ሰው ነው» ይላል፤ ከዚያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ወይም ሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲመጣ ይመርጠዋል፤ ከዚያ ልጁን ለሥራ እሱ ጋ ይልካል፤ ከዚያ ገንዘቡን ያበድረዋል። ክርስቶስ ግን ይህን ዓይነት ማስረጃ አስቀድሞ ውድቅ አድርጎታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 በመጨረሻው ቀን ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል፣ ተአምራት አድርገናል እያሉ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጌታ ዋሻችሁ አላላቸውም። ትንቢቱንም ተአምራቱንም አልካደም። አላውቃችሁም ነው ያላቸው። ይህን ክፍል ያነበበ ጉባኤ እንዴት አድርጎ ተአምርን የእምነት ማረጋገጫ እንደሚያደርግ ለእኔ አይገባኝም።

ታዲያ ማን ይመስክር? መጽሐፉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ የሚመሰክረው ከአማኙ ላይ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ነው። ዘኬዎስን እናስታውስ። ኢያሪኮ ላይ ዛፍ መውጣቱን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ የሥዕሉም የመዝሙሩም ጉዳይ ያ ነው። መዳን ለቤቱ እንደሆነ የተነገረው ግን ከዛፉ ወርዶ፣ ለድሆች የሀብቱን ግማሽ፣ በግፍ ለበላቸው ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚሰጥ ከተናገረ በኋላ ነው። ይህን ቃሉን መመርመር የሚቻለው ዘኬዎስን በመጠየቅ አይደለም። የተበሉትን ሄዶ «ገንዘባችሁ ተመለሰላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ኤጲስ ቆጶስ ሲጽፍ በውጭ ካሉ ሰዎች ዘንድ መልካም ምስክርነት ያለው እንዲሆን ያዝዛል። በውጭ ካሉት ዘንድ! የዛሬ ቤተ ክርስቲያን መሪዋን ስትሾም የሠፈሩን ባለሱቅ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባውን፣ ከእሱ ቤት የወጣውን ተከራይ ጠይቃ ታውቃለች? ያዕቆብ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የተያዘው የሠራተኞች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ይላል። ባለሀብቱ በአዳራሽ እየመሰከረ ሳለ ደመወዙ በሌላ ችሎት እየመሰከረበት ነው ማለት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ አሜሪካ እንሻገር። ስለ እውነተኛ እምነት ምልክቶች ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ስመ ጥር የሆነውን የጻፈው ጆናታን ኤድዋርድስ ነው፤ በማሳቹሴትስ የኖርዝሃምፕተን መጋቢ ነበር። በእሱ ዘመን በዚያ አገር ትልቅ መነቃቃት ተነሥቶ ነበር። ሰው በጉባኤ መካከል ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ያለቅሳል። ግማሹ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው አለ፣ ግማሹ እብደት ነው አለ። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1746 ለሁለቱም ወገን መልስ የሚሆን መጽሐፍ አወጣ። በመጀመሪያ ብቻቸውን ምንም የማያረጋግጡ አሥራ ሁለት ነገሮችን ዘረዘረ፤ የስሜት መጋል፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ስለ ሃይማኖት እንደ ውኃ መናገር፣ ጥቅስ ድንገት በልብ መምጣት፣ በአምልኮ ላይ ብዙ ሰዓት ማሳለፍ፣ አማኞችን የሚያስደስት ምስክርነት መስጠት ከእነሱ መካከል ናቸው። እነዚህ በእውነተኛውም በሐሰተኛውም ላይ ይታያሉ አለ። የእኛን የእሑድ መርሐ ግብር አይቶ የጻፈ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ እውነተኛ የሚላቸውን አሥራ ሁለት ምልክቶች አስቀመጠ፤ ረጅሙን ሐተታ የሰጠው ለመጨረሻው ሲሆን እሱም በኑሮ የሚታይ ተግባር ነው። እስካሁን ድረስ በዚህ ጉዳይ ላይ ከእሱ በላይ በጥንቃቄ ያሰበ ሰው ለማግኘት ያስቸግራል።

ይኸው ሰው በ1731 ወደ ኒውፖርት ወርዶ ቬነስ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ጥቁር ልጅ በ80 ፓውንድ ገዝቷል። የሽያጩ ሰነድ ዛሬም አለ። ከዚያም በኋላ ሌሎች ባሪያዎች ነበሩት። በ1741 ገደማ ደግሞ አንድ ሌላ መጋቢ ባሪያ በመያዙ ምእመናኑ ሲወቅሱት፣ ኤድዋርድስ ለሰውየው የሚከራከር ረቂቅ ጽፏል፤ ከአፍሪካ አዲስ ባሪያ መጫንን ቢቃወምም ባሪያ መያዝን ግን አልተቃወመም። አሥራ ሁለተኛውን ምልክት፣ ተግባር የተባለውን ማለት ነው፣ ሲጽፍ ከጎረቤትና ከማኅበር ጋር ስላለው ኑሮ ብዙ ነገር አንሥቷል። ከዚያው ቤት ውስጥ እሳት የምታነደውን ግን የጠየቃት የለም። ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ በአደባባይ የሰበከው ልጁ፣ ትንሹ ጆናታን ኤድዋርድስ ነው፤ እሱም በ1791፣ አባቱ ከሞተ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ። ሊቅ የሆነ፣ ቅን የሆነ፣ ራሱን ሌት ተቀን የሚመረምር ሰው እንዲህ ከሳተ፣ «ልቤን መርምሬዋለሁ፣ ሰላም ይሰማኛል» የሚለው የእኛ ማስረጃ ምን ያህል ይመዝናል?

በፈረንጅ ለመፍረድ የሚቸኩል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እኛም ረቡዕና ዓርብን እየጾምን፣ ኪዳን እያደረስን ባሪያ ስንሸጥና ስንለውጥ ኖረናል። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ዘመን ነው። ባሪያ የነበረባቸው ቤቶች ጾም አልጎደለባቸውም፤ የነፍስ አባትም አልጎደለባቸውም።

ዛሬ በዚያ ቦታ ያለችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ባሪያ አይደለችም፤ ሁለቱን አንድ ማድረግም ነውር ነው። ግን ሕግ ከማይደርስባቸው ሠራተኞች አንዷ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይመለከትም። የሚተርፏት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ እነሱም ነገሩን በአብዛኛው ለአሠሪው ኅሊና የሚተዉ ናቸው። የሥራ ሰዓቷን፣ የእረፍት ቀኗን፣ የምትተኛበትን ቦታ፣ የምትበላውን የሚወስነው የቤቱ ኅሊና ነው። ስለዚህ የአንድን ክርስቲያን ኅሊና ማየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ሕግ የሚያስገድደው፣ ተቆጣጣሪ የሚመጣበት፣ ጎረቤት የሚያየው ነገር የለም። እምነቱ ካለ እዚያ ይታያል፤ ከሌለም እዚያው ይታወቃል።

የትንሣኤን ዋዜማ እንውሰድ። ቤተሰቡ አምሳ አምስት ቀን ጾሟል። ቅዳሜ ማታ ነጠላው ተተኩሶ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እሷ ከሐሙስ ጀምራ ሽንኩርት ስትልጥና ስትከትፍ ሰንብታለች፤ ዓይኗ አብጧል። ዶሮዎቹን ያጠበችው፣ በሎሚና በጨው እየደጋገመች ያጠራችው፣ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ የገነጠለችው እሷ ናት። ቁሌቱ እንዳያር ከምድጃው መራቅ አትችልም። እሷም ጿሚ ናት፤ እሷም ክርስቲያን ናት፤ ከገጠር ስትመጣ የያዘችው ጥቁር ማኅተብ አንገቷ ላይ አለ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ ቅዳሴ ወጥቶ መኪናው ሲመጣ በር የምትከፍተው እሷ ናት። «እንኳን አደረሰሽ» ይሏታል። ከዚያ ገበታ ይቀርባል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ መልካም መልካሙ ለእንግዳና ለልጆች፣ ለእሷ ከሁሉም በኋላ በጓዳ፣ አንዳንዴም በሌላ ሳህን። የትንሣኤን ቅዳሴ ከሰማች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቋት። ቤቱ ግን «ጾሙን አስፈጸመን» ብሎ ያመሰግናል። ማን እንዳስፈጸማቸው ግልጽ ነው።

«እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ልጃቸው የማታ ትምህርት ትማር እንደሆነ፣ ልጃቸው ስልኳ ይወሰድባት እንደሆነ፣ ልጃቸው ለዘመድ ለቅሶ ለመሄድ ሦስት ቀን ስትለምን ትከርም እንደሆነ መጠየቅ ያምረኛል። ደመወዟንም በእጇ አይሰጧትም፤ «እዚህ እየተጠራቀመላት ነው» ይባላል። ሲበዛ ደግ ይመስላል። የምትወጣበት ቀን ደርሶ ሒሳቡ ሲሠራ ግን የሰበረችው ብርጭቆ፣ ያቃጠለችው ካውያ፣ ደላላው የተከፈለው ገንዘብ ይቀነሳል፤ የቀረው «ቆይተሽ ነይ» ይባላል። ያዕቆብ የጻፈው ስለዚህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ የድሃውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያው ቀን ስጠው ይላል፤ «አጠራቅምለት» የሚል አላገኘሁበትም።

ልጆቻችን በዓረብ አገር ሲንገላቱ ግን ሁላችንም እናለቅሳለን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲናጋ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ሻንጣቸውንና ፍራሻቸውን ይዘው ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተን ተቆጥተናል። መቆጣታችን ተገቢ ነበር። «ማዳም» የሚለው ስም በእኛ አገር የጭካኔ ስም ሆኗል። ነገር ግን የስደተኛዋን ፓስፖርት የያዘችውን ማዳም የምትወቅስ እኅት የቤቷን ሠራተኛ መታወቂያ በራሷ መሳቢያ ቆልፋ እንደያዘች አታስተውልም። ስለ ስደተኛዋ በጸሎት ጉባኤ ታለቅሳለች፤ ጉባኤው የተዘጋጀበትን ቤት የጠረገችው ደግሞ ከበሩ ኋላ ቆማ «አሜን» ትላለች።

ይህን የሚናገሩ ነቢያት ሳይኖሩ ቀርተው አይደለም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የእስራኤል ሰዎች ጾመን ለምን አልታየልንም ብለው ሲያማርሩ የሰጣቸው መልስ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ያ ከትንሣኤው ኩሽና ጋር ምን ልዩነት አለው? ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ፣ እ.ኤ.አ. በ387 በዐቢይ ጾም በሰበካቸው ስብከቶች ከወፍና ከዓሣ ሥጋ ተከልክሎ የወንድምን ሥጋ መብላት ምን ይጠቅማል እያለ ገሥጿል። ቤተ ክርስቲያናችን አፈወርቅን በቅዳሴ ስሙን ታነሣለች፤ ጾሙን በተመለከተ ያለውን ግን በዐውደ ምሕረት የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ስለ ዘይትና ስለ ዓሣ የሚደረገውን ክርክር ግን በየዓመቱ እሰማለሁ።

በገበያውም ያው ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ብዙ አልልበትም። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ የመርካቶ ሰላምታ ሆኗል። ቤት ሲሸጥ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የሚቆጠረው ዋጋ ሌላና ሌላ ነው፤ ሻጭም ገዥም ተጨባብጠው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይለያያሉ። በዓል ሲቃረብ ባለሥልጣናት ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለበት ቅቤና በርበሬ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ልብ በሉ፤ ሸክላ ፈጭቶ በበርበሬ መሸጥ የሚደራው ጾሙ ሊፈታ ሲል ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ስልሳ በላይ የሆነው ክርስቲያን ነኝ ብሏል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የተረተውም ይኸው ጿሚና ጸሎተኛ ሕዝብ ነው።

የመኪናና የሕንፃ ምስክርነት ከየት እንደመጣ ለማያውቅ፣ አብዛኛው ከአሜሪካዋ ኦክላሆማ ነው። ለእግዚአብሔር ገንዘብ «ዝራ»፣ በእጥፍ ታጭዳለህ የሚለውን ትምህርት በቴሌቪዥን ያስፋፋው የተልሳው ኦራል ሮበርትስ ነው። በእምነት ቃል ሀብትንና ጤናን መጠየቅ ይቻላል የሚለውን ያስተማረው ኬኔት ሄገንም በዚያው ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1974 ትምህርት ቤት ከፍቶ በየአገሩ የሚሰብኩ ሰዎችን አስመርቋል። በሳተላይትና በመጽሐፍ እኛ ጋ ደረሰ። ድሃ ሰው ይህን ሲሰማ ቢማረክ አልፈርድበትም፤ ያለ ተስፋ መኖር ከባድ ነው። የምፈርደው የመጨረሻ ሳንቲሟን «ዘር» ብሎ ከተመላላሽ ሠራተኛ ላይ በሚሰበስብ ሰው ላይ ነው። እሱም ምስክር አለው፤ እሷ።

እንግዲህ የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የወንጌላውያን ወገኖቼ «ወደ ሥራ ጽድቅ ልትመልሰን ነው፤ ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው» ይሉኛል። የዚህ ትምህርት አባት ማርቲን ሉተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1522 የአዲስ ኪዳን ትርጉሙን ሲያሳትም የያዕቆብን መልእክት ከገለባ ጋር እንዳነጻጸረው እውነት ነው፤ በኋላ ባሳተማቸው እትሞች ግን ያን አነጋገር አስቀርቶታል። በዚያው በ1522 እትም ለሮሜ መልእክት በጻፈው መቅድም ደግሞ እምነት ሕያው ነገር ነው፣ መልካም ሥራ ይሠራ ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ ሠርቶ ይገኛል ይላል። ሉተር ቢያንስ ያዕቆብን አንብቦ ተጣላው። እኛ አልተጣላንም፤ ምዕራፍ አምስትን ብቻ ዘለልነው። ደግሞም የተነሣሁት ስለ መዳኛው መንገድ ለመከራከር አይደለም፤ ስለ ምልክቱ ነው። ዛፉ በፍሬው አይተከልም፤ ግን በፍሬው ይታወቃል፤ ይህን ያለውም ክርስቶስ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሌላው ወገን «ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ አትፍረዱ» ይላል። ልክ ነው። ማን እንደዳነ ማን እንደጠፋ እኔ አላውቅም፤ የማውቅ አስመስዬም አልናገርም። ግን ይህን ጥቅስ የሚያነሡት ስለ ደመወዝ ሲጠየቁ ብቻ ነው። በመኪናው ላይ ስንፈርድ፣ «የተባረከ ሰው» ብለን መድረክ ላይ ስናወጣ «ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው» ያለ አልሰማሁም። መፍረድ ካልቻልን በሁለቱም በኩል አንፍረድ፤ ማይኩም ይቀመጥ።

እውነተኛ እምነት የለም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይሂድ። አለ፤ አይተነዋል። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ ሁለት የሃይማኖት መሪዎችን ገድሏል፤ አንዱ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ሌላው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ቄስ ጉዲና ከአገር ወጥተው የመቅረት ዕድል ነበራቸው፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሁለቱም የት እንደተቀበሩ እንኳ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። ስለ ራሳቸው የመሰከሩበት መድረክ የለም። በሚያዝያ 2007 በሊቢያ በረሃና ባሕር ዳርቻ የታረዱትና የተረሸኑት ወጣቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሥራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ሰባኪ አልነበሩም። በእምነታቸው መጽናታቸውን ዓለም ያወቀው ገዳዮቻቸው ቀርጸው ባወጡት ቪዲዮ ነው። ከዚህ የበለጠ የውጭ ሰው ምስክርነት የት ይገኛል?

ከአብዛኞቻችን ግን አንገት አልተጠየቀም። የተጠየቅነው የወር ደመወዝ፣ አንድ እሑድ፣ ትክክለኛ ደረሰኝ ነው። ለሰማዕታቱ መዝሙር ስናወጣና ፎቷቸውን ስንለጥፍ የከረምነው ምናልባት ከእኛ የተጠየቀው ትንሽ ስለሆነ አሳፍሮን ይሆናል።

ይህን ስል የቤት ሠራተኛዋን ቅድስት ማድረጌ አይደለም። እሷም ምስክር አላት፤ ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውለው ሕፃን። የመጋቢውም የቄሱም ምስክር የግቢው ጥበቃ ነው፤ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ በወሩ መጨረሻ ይደርሰው እንደሆነ፣ በዝናብ የሚጠለልበት ቤት እንዳለው ጠይቁት። የእኔም ምስክር ይህን ጽሑፍ የማነብለት ሰው አይደለም፤ ገንዘቡ በእኔ ላይ ያደረ ሰው ነው።

ስለዚህ ለመጋቢዎች የምለው አለኝ። እሑድ አንድ ሰው ሕንፃ አስመረቅሁ ብሎ ማይክ ሲጠይቅ ከመስጠታችሁ በፊት ድንጋዩን ያነሡትና ሲሚንቶውን የተሸከሙት የቀን ሠራተኞች ሒሳባቸው ተዘግቶ እንደሆነ ጠይቁት፤ ካልተዘጋ ሄዶ ከፍሎ በሚቀጥለው እሑድ ይመስክር። ለነፍስ አባቶችም፦ ንስሐ ሲገባ «ጾም ሽረሃል ወይ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ «የያዝከው የሰው ገንዘብ አለ ወይ?» በሉት፤ ካለ ስግደቱ ይቆየውና መጀመሪያ ይመልስ። አንተም አንባቢ፣ አንቺም እኅቴ፣ በቤታችሁ «የተጠራቀመላት» ካለች ዛሬ ማታ ሒሳቡን ሠርታችሁ ብርጭቆውን ሳትቀንሱ በእጇ ስጧት፤ በሚመጣው ትንሣኤም ቁሌቱን እናንተ አማስሉና እሷ ቅዳሴ ትሂድ።